ፈቃድ ተከልክላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት

«የሙያ ፈቃድ ከልክለውኛል፤ እንክሰሳቸው» ብሎ ቢሮዬ ለሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው። የከለከሉበት ደብዳቤ የታለ? አብዛኛው ሰው የለውም። «መስኮት ላይ የሥራ ልምድህ አይያዝም ተባልኩ» ይለኛል።

እባካችሁ፣ በቃል ተመልሳችሁ አትምጡ! ፍርድ ቤት የሚመረምረው ውሳኔን ነው። የመስኮት ንግግር ውሳኔ አይደለም። ማን እንደተናገረው እንኳ አይታወቅም። ነገ «እኛ አልከለከልንም» ቢሉ ምን ታሳያላችሁ? ማመልከቻ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቀሪው ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም አስመቱ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጣችሁ ያዛል። ምክንያቱን ስታውቁ ክርክሩ ግማሹ ይጠራል። ቀጥሎ እዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ አቅርቡ። ይህን ዘለው ፍርድ ቤት ሄደው ጉዳያቸው ሳይሰማ የተመለሱ ብዙ ናቸው። እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ደንበኛዬን ለዚህ ዳርጌዋለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላው የማይመለከተውን መክሰስ ነው። ጉድለቱ አሠሪያችሁ የጻፈው የሥራ ልምድ ላይ ከሆነ ፈቃድ ሰጪው ምን ያድርግ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጽፎ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

«ሠርቷል» ብቻ የሚል ልምድ አትቀበሉ።

ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ ያዙ። ከክሱ ጋር አብሮ ይግባ፤ «በኋላ አቀርባለሁ» አይሠራም።

ቀኑንም እዩት። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ለክስ ተዘጋጅታ መጣች። አራት ዓመት ሠርታለች፤ ልምዷ ግን ተጥሏል። ወረቀቱን አየሁት። በእንግሊዝኛ ተጽፎ «ከ2010 እስከ 2014» ይላል። አቆጣጠሩ የኛ ነው፤ ግን የማን እንደሆነ አልተጻፈም። እሷ የተመረቀችው በ2009 ዓ.ም. ነው። የፈቃድ ሰጪው መርማሪ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦታል። በዚያ ስሌት ሥራ የጀመረችው ከመመረቋ ሰባት ዓመት ገደማ በፊት፣ የለቀቀችውም ገና ሳትመረቅ ሆነ። አሠሪዋ ጋ ሄዳ የአንድ መስመር ማስተካከያ አጻፈች። ቅሬታዋ ላይ አያይዛ አስገባች፤ ፈቃዷንም ያለ ክስ ወሰደች።