ስሜቱን መናገር የሚያቅተውን ሰው ስናይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒተር ሲፍኒዮስ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) «አሌክሲታይሚያ» ያሉት ጠባይ፣ ከግሪክኛ ሲፈታ «ለስሜት ቃል ማጣት» ማለት ነው። ስሜትን ለይቶ ማወቅና ለሌላው መግለጽ ከመክበዱም በላይ፣ ሐሳብ ወደ ውስጥ ከመመልከት ይልቅ በውጭው ጉዳይ ላይ ያተኩራል።

የመጀመሪያው ስህተት ዝምታን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የሚተው የመንዝ አባወራ ያስከፋውን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል፤ ያልተናገረው መናገሩን ስላልፈለገ ነው። ቃል ያጣው ሰው ግን ለራሱም የሚነግረው የለውም።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚጎዳው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ስሜት የለሽ ማለት ነው። አንድ ጎረቤቴ ወንድማቸውን ደብረ ሲና ቀብረው ደብረ ብርሃን የተመለሱ ዕለት፣ «ጋሼ፣ እንዴት ሆኑ?» ስንላቸው ስለ ጣርማበር ጭጋግ፣ መኪናው ስለፈጀው ሰዓት፣ ድንኳኑ ስለያዘው ሰው ብዛት አንድ በአንድ አወሩን። ስለ ወንድማቸው ምንም አላሉም። ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ደረታቸውን ይዳብሱ ነበር፤ «ብርድ መታኝ» አሉ፤ በደብረ ብርሃን ደግሞ ይህን ማን ይጠራጠራል? «አንጀቴ ተቃጠለ» የሚል ሰው ሐዘኑን በአካሉ ስም እየጠራው ነው፤ ሕመሙን ብቻ የሚናገር ግን ሐዘኑ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ሕመሙን ሐኪም ሳያየው «ሐዘን ነው» ብሎ ማለፍም ሌላ ስህተት ነው።

ነገሩን ከማሰብ ችሎታ ማነስ ጋር ማያያዝ ስህተት ነው። የተከፋበትን ነገር ሌሊቱን ሁሉ ማብሰልሰልም ስሜትን ማወቅ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ በሰፊው የሚሠራበት የቶሮንቶ መጠይቅ 20 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ በድምሩ ከ100 ነጥብ 61ና ከዚያ በላይ ማምጣት የጠባዩን መጠን ያመለክታል እንጂ በሽታ አለ አያሰኝም።

የመጨረሻው ስህተት «ምን ተሰማዎት?» እያሉ መወትወት ነው፤ የጎደለው ቃሉ ራሱ ነውና። ከሐሳቡ አካሄድ ጋር የሚስማማው ስለ ጊዜና ስለ ቦታ መጠየቅ ነው። ጋሼን ከሳምንት በኋላ ብርዱ መቼ እንደጀመራቸው ብጠይቃቸው፣ ጥቂት አስበው «አፈሩ ሲመለስ» አሉኝ።