ኢዲቲኤ በክሬምና በሎሽን ውስጥ፦ መጠኑ፣ አጨማመሩና ጥንቃቄው

ክሬሙ ሳይቆይ ቢጫ ከሆነ ወይም የከረመ ዘይት መሽተት ከጀመረ ጥፋቱ ሁልጊዜ የዘይቱ አይደለም። ከውሃው፣ ከብረት ዕቃው ወይም ከዕፅዋት ጭማቂው የሚገባ እጅግ ጥቂት ብረትና መዳብ የዘይቱንም የቫይታሚን ሲውንም ኦክሲዴሽን (ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ መበላሸትን) ያፋጥናል። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ምርት ደግሞ ብረት ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል። ኢዲቲኤና መሰሎቹ (ኬሌት አድራጊዎች ይባላሉ) እነዚህን ማዕድናት አጥብቀው ይዘው ሥራ ያስፈቷቸዋል።

ሌላም ጥቅም አለው። እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋናቸውን አያይዘው የሚያቆዩት በካልሲየምና በማግኒዚየም ነው። ኢዲቲኤ እነዚህን ሲነጥቃቸው ሽፋናቸው ይላላል፤ ፕሪዘርቫቲቩም (ምርቱን ከጀርሞች የሚጠብቀው ንጥረ ነገር) በቀላሉ ይገባባቸዋል። ብቻውን ግን ፕሪዘርቫቲቭ አይደለም፤ አንዱ ስላለ ሌላው ይቅር ማለት አይቻልም።

ሲገዙ ስሙን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ለክሬምና ለሎሽን የሚሆነው ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ነው፤ ሲሟሟ በመጠኑ አሲዳማ ነው። ቴትራሶዲየም ኢዲቲኤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛ ነው) 11 አካባቢ የሚደርስ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ ይበልጥ የሚስማማው ለሳሙና ነው። በአንዱ ፈንታ ሌላውን ከጨመሩ የክሬሙ ፒኤች ይዛባል።

የተለመደው መጠን ከ0.05 እስከ 0.2 በመቶ ነው። 500 ግራም ሎሽን ለመሥራት 0.1 በመቶ ማለት ግማሽ ግራም ነው፤ ይህን የወጥ ቤት ሚዛን አይለየውም፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ያስፈልጋል። ዱቄቱን በዲስቲልድ ውሃው ላይ በትነው እስኪጠራ ያማስሉ። በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ አይቸኩሉ። ከዚያ ውሃውንም ዘይቱንም ለየብቻ 70–75 ዲግሪ አሙቀው ያዋህዱ። ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፕሪዘርቫቲቩን ይጨምሩ፤ ፊኖክሲኢታኖል ከኢቲልሄክሲልግሊሰሪን ጋር የተቀላቀለው ዓይነት ከሆነ 1 በመቶ፣ ማለትም 5 ግራም። መጨረሻ ላይ ፒኤቹን ለክተው ወደ 5–5.5 ያስተካክሉት። ኢዲቲኤ በዘይት አይሟሟም፤ ውሃ በሌለው ቅባት ውስጥ ታች ይዘቅጣል እንጂ አይሠራም።

የቧንቧ ውሃን በኢዲቲኤ አድናለሁ ማለት ግን አያዋጣም። አንድ ግራም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ የሚይዘው 0.27 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ያህል ነው። በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር 300 ሚሊግራም የካልሲየም ጥንካሬ ያለው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ 350 ግራም ከወሰዱ፣ ከጨመሩት ግማሽ ግራም ውስጥ 0.39ውን ውሃው ብቻውን ሊወስደው ይችላል። ለባክቴሪያው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የመዳብ ፔፕታይድ ባለበት ሴረም ኢዲቲኤ አይጨመርም፤ መዳቡን ከፔፕታይዱ ይነጥቀዋል፣ ሰማያዊው ቀለምም ይደበዝዛል። ፒኤቹ ከ2.5 በታች በወረደ ድብልቅ ደግሞ ነጭ ደቃቅ ሆኖ ሊወርድ ይችላል።

ስለ ደኅንነቱ ብዙ ፍርሃት የሚመጣው በደም ሥር ከሚሰጠው ሕክምና ጋር ሲቀላቀል ነው። እዚያ ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ የደምን ካልሲየም አውርዶ ለሞት ያደረሰበት ጊዜ አለ። በቆዳ ላይ ግን ውሃ ወዳድና የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። የአሜሪካ የመዋቢያ ንጥረ ነገሮች ገምጋሚ ቡድን በ2002 ባወጣው ግምገማ በመዋቢያ ውስጥ በሚገባበት መጠን ደኅና ነው ብሏል። ሆኖም ኢዲቲኤ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ወደ ቆዳ እንዲዘልቁ ሊረዳ እንደሚችልም አስታውሷል፤ ስለዚህ መጠኑን ያለ ምክንያት አያብዙ። ኢዲቲኤ ሜርኩሪ ያለበትን ማንጫ ክሬምም ደኅና አያደርገውም፤ «ከቆዳ መርዝ ያወጣል» የሚል ማስታወቂያም ለንግድ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ይልቁንም ሠሪው ነው፦ ዱቄቱ ሲመዘን ጭንብል፣ ለቴትራሶዲየሙ ደግሞ ጓንትና የዓይን መነጽር።

እውነተኛው ነቀፌታ የአካባቢ ነው፤ ኢዲቲኤ በቀላሉ ስለማይበሰብስ በፍሳሽ ማጣሪያ አልፎ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ይህ የሚያሳስበው ሠሪ ሶዲየም ፋይቴት ወይም ቴትራሶዲየም ግሉታሜት ዳይአሲቴት መጠቀም ይችላል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ፈሳሽ ሆኖ ነው፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ጠንካራ አልካላይን ስለሆነ ግን ከጨመሩት በኋላ ፒኤቹን እንደገና ይለኩ፤ ሲትሪክ አሲድ ሟሙቶ በጠብታ ቢገባበት ይወርዳል።