በድርጅቶች መካከል የሚላክ የኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ ሲዛባ፦ ችግሩ፣ መነሻውና መፍትሔው

በደሴ የሚገኝ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ በኮምቦልቻ ያለ የዱቄት ፋብሪካና እህሉን የሚያመላልስ የጭነት ድርጅት ትእዛዝ፣ የርክክብ ሰነድና ደረሰኝ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይለዋወጣሉ እንበል። እንዲህ ባለው ትስስር የሚከሰተው አብዛኛው ብልሽት የሚነሳው ድርጅቶቹ ከሚገናኙበት ድንበር ስለሆነ ፍተሻው ከዚያ ቢጀምር ድካም ይቀንሳል።

ምልክት፦ አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል

ይህ በብዛት የሚታየው መብራት ወይም ኔትዎርክ ከተቋረጠ በኋላ ነው። ፋብሪካው የ200 ኩንታል ስንዴ ትእዛዝ ይልካል፤ ዩኒየኑ ተቀብሎ ይመዘግባል፤ «ደርሶኛል» የሚለው ምላሽ ግን ሳይደርስ ይቀራል። ፋብሪካው ትእዛዙ የጠፋ መስሎት ደግሞ ሲልክ የዩኒየኑ ሥርዓት እንደ አዲስ ይወስደውና 400 ኩንታል ለጭነት ይዘጋጃል። አንዳንዶች ድጋሚ መላክን በመከልከል ሊያርሙት ይሞክራሉ፤ ያኔ ግን በእርግጥ የጠፋው ትእዛዝ ጠፍቶ ስለሚቀር ጉዳቱ ይብሳል። የሚሻለው ላኪው ለእያንዳንዱ ሰነድ የማይደገም ቁጥር ሰጥቶ፣ ደግሞ ሲልክም ያንኑ ቁጥር መጠቀሙ ነው። ተቀባዩ ደግሞ ከመጋዘንና ከሂሳብ ሥራ የተለየ፣ መቀበልን ብቻ የሚያከናውን ሞጁል (ራሱን የቻለ የሥርዓቱ ክፍል) ያቁም፤ ቁጥሩ ቀድሞ ከተመዘገበ ሞጁሉ ትእዛዙን ሳይደግም የመጀመሪያውን ምላሽ መልሶ ይልካል። ቁጥሩና ትእዛዙ ወይ አብረው እንዲጻፉ ወይ አብረው እንዲቀሩ ካልተደረገ ግን መብራቱ በመካከላቸው ሊጠፋ ስለሚችል ጥበቃው ከንቱ ይሆናል።

ምልክት፦ ቀን ወይም መጠን ይሳሳታል

ጥቅምት 30 «30/02» ተብሎ ከተላከ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሚሠራ ሥርዓት አይቀበለውም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለምና። የጳጉሜንም 13ኛ ወር እንዲሁ ይመለሳል። እነዚህ እንኳ ደጎች ናቸው፣ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። አደገኛው ኅዳር 5 ነው፦ ዓመቱን ሥርዓቱ ራሱ በሚሞላበት ቅጽ ላይ «05/03» ሲጻፍ፣ ትክክለኛው ቀን በአብዛኛው ኖቬምበር 14 ሆኖ ሳለ፣ ያለ አንዳች ቅሬታ ማርች 5 ተብሎ ይመዘገባል። በድርጅቶች መካከል የሚጓዘው ቀን በአይኤስኦ 8601 (ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ መስፈርት) መሠረት ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ ይጻፍ፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጡ የማሳያው ገጽ ሥራ ይሁን። መለኪያውም ከቁጥሩ አይለይ፤ ኩንታሉ ኪሎ ተብሎ ከተነበበ ስሕተቱ 100 እጥፍ ነው።

ምልክት፦ አንዱ አጋር የሰነዱን ቅርጽ ሲቀይር ሁሉም ይቆማል

መነሻው የትርጉሙ ሥራ፣ ማለትም የአንዱን የሰነድ ቅርጽ ወደ ሌላው ቅርጽ መለወጡ፣ በመጋዘን ሞጁሉ ውስጥ መቀበሩ ነው። 6 ድርጅቶች እያንዳንዳቸው በቀጥታ ከተገናኙ በየአቅጣጫው አንድ፣ በድምሩ 30 ተርጓሚ ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ፤ ሁሉም በአንድ የጋራ ቅርጽ ከተስማሙ ግን ለመላክና ለመቀበል 12 ይበቃሉ። ለጋራ ቅርጹ ከተባበሩት መንግሥታት የወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሰነዶች መስፈርት፣ ኤዲፋክት፣ አለ፤ ለአነስተኛ ዩኒየን ሙሉው ከባድ ስለሆነ የሚያስፈልጉትን የመረጃ መስኮች ብቻ መውሰድ ይሻላል። ከወልድያ አዲስ ነጋዴ ቢገባ የሚጨመረው የእሱ ተርጓሚ ብቻ ነው።

የመጣው ሰነድ ከመተርጎሙ በፊት እንደመጣ ይቀመጥ፤ ክርክር ሲነሳ ስሕተቱ የላኪው ይሁን የተርጓሚው የሚለየው በእሱ ነው።