የዘንዶ ዘፈን ከየት መጣ? በሰሜን ሸዋ የሕዝብ ዘፈን አቀራረጽና አመረማመር

ስለ ዘንዶ የሚዘፈን ዘፈን ሲገኝ ብዙ ሰው የተረቱን ዕድሜ ለዘፈኑ ያወርሰዋል። ተረቱ ጥንታዊ ሆኖ ስንኙ የቅርብ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ መያዝ የሥራው ግማሽ ነው።

አንድ ዘፋኝ አይበቃም። ከደጋው ከመንዝ ሁለት፣ ወረድ ብሎ ከቀወት ወይም ከምንጃር ሁለት ቀበሌ ምረጡ። እያንዳንዱን ዘፋኝ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ቅረጹ፤ በሁለቱም ቀን የመጣ ስንኝ የዘፈኑ አካል ነው፣ አንዴ ብቻ የመጣው ግን የዕለቱ ፈጠራ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ጥሪ እንዳይገባበት የበረራ ሁኔታ ላይ ይሁን፤ ከዘፋኙ አፍ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ከመሰንቆው ወደ ጎን ይቀመጥ። ከበሮ ካለ ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ አንጥፉ፤ ያለዚያ የወለሉ ንዝረት ቃሉን ይውጠዋል። የመንዝ ነፋስ ሜዳ ላይ አያስቀርጽም፣ ቤት ግቡ። ፋይሉ ዋቭ (ድምፁ ሳይጨመቅ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ይሁን፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት ስቴሪዮ ሲቀረጽ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ ቦታ አስቀድማችሁ አስለቅቁ።

አዝማሪ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው አዝማሪው ያንኑ መልሶ ያዜመዋል፤ በኋላ ቅጂውን የሚሰማ ሰው የአዝማሪው ነው ይላል። ስለዚህ ማን ምን እንዳቀበለ ወዲያው ጻፉ። ሽልማቱንም መጨረሻ ላይ ስጡ፤ በመሃል ከሰጣችሁ ዘንዶው ይቀርና የእናንተ ሙገሳ ይጀምራል።

ሽማግሌዎችን «ዘፈኑ የድሮ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እማማ፣ መጀመሪያ ከማን አፍ ሰሙት? ያኔ አግብተው ነበር? ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ ከወጣ በኋላ?» ማለት ይሻላል።

ቀጥሎ ዘንዶው የትኛው ዘንዶ እንደሆነ ለዩ። በቆላው ዘንዶ የእውነት እባብም ስም ነውና ግጥሙ ፍየል ስለዋጠ እባብ ብቻ የሚናገር ከሆነ ከተረት ጋር አታገናኙት። ፈረስ፣ ጦርና ዛፍ ላይ የወጣች ልጅ ካሉበት ምንጩ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቤሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ትሣላለችና። መርዝ የበላች ፍየልና የሚገበር ሰው ካለ ወደ አክሱም፣ ሕዝቡን ያስገብር ነበር ወደሚባለው ዘንዶ ወደ አርዌ ተረት ያመራል፤ ያ ተረት የትግራይ ነው፣ መንዝ ስለተዘፈነ የመንዝ ተረት አይሆንም። ገመድ ሆኖ ሰው ወደ አምባ የሚያወጣ ዘንዶ ደግሞ የደብረ ዳሞው፣ የአቡነ አረጋዊ ነው። ሦስቱ በአንድ ዘፈን ተደባልቀው ቢመጡ አትደንግጡ፤ ከየቀበሌው የመጣውን ጎን ለጎን ብትጽፉ የትኛው ስንኝ በኋላ እንደገባ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ለዘመን መለያ ዕቃና ቦታ ከሁሉ ይሻላሉ። ውጅግራ የሚል ስንኝ በፈረንጆች 1874 ከወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ሊቀድም አይችልም። ሰገሌን የሚያነሳ ከ1909 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ነው፤ የጣርማ በርን ዋሻ የሚጠራም ከጣሊያን ዘመን ወዲህ። ነገር ግን ይህ የሚነግራችሁ የዚያን ስንኝ ዕድሜ ብቻ ነው። ዘፋኝ የጠመንጃ ስም መቀየር አይቸግረውም፤ የአያቱን ስናድር ክላሽ ያደርገዋል። መቀየሩን የሚያጋልጠው ምጣኔው፣ ማለት የስንኙ ቀለም (የድምፅ ክፍል) ቁጥር ነው፤ የወል ቤት በሚባለው የግጥም ዓይነት የተገጠመ ስንኝ በየግማሹ 6 እና 6 ቀለም ይዞ ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቦታ 7 ከሆነ፣ በዚያ ቃል ስፍራ ሌላ ቃል ነበር ብላችሁ ፈልጉ። የሌላው ቀበሌ ቅጂ ብዙ ጊዜ ይዞት ይገኛል።

ስንኙን ስትጽፉ ያልገባችሁን ቃል አታቃኑ። እንደተሰማ ጻፉት፣ ከጎኑ ምልክት አድርጉ፣ ተመልሳችሁም ለዘፋኙ አንብቡለት።