በሰሜን ራቅ ባለ ጅረት ደለል ወርቅና ባዜቃን ለሚፈልጉ

እንደ አላስካ ባሉ የሰሜን ምድሮች ደለል ወርቅ የሚያጥብ ሰው ከወርቁ ጋር ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ሊያጋጥመው ይችላል። ባዜቃው ከሁለት ምንጮች ይመጣል። አንደኛው ተፈጥሯዊ ሲሆን፣ ሲናባር የተባለው የባዜቃና የድኝ ውሁድ የሆነ ቀይ ማዕድን ነው፤ በአላስካው የኩስኮኩዊም ወንዝ ዳር የሚገኘውና እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የቆየው የሬድ ዴቪል ማዕድን ማውጫ የተቆፈረው ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ቀደምት አጣቢዎች ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ ሲጠቀሙበት ወደ ጅረቱ ያመለጠ ፈሳሽ ባዜቃ ነው።

ከጉዞው በፊት ቦታው በሌላ ሰው ይዞታ የተመዘገበ አለመሆኑን ማረጋገጥ፣ የመመለሻውንም ቀን ለሚታመን ሰው መንገር ያስፈልጋል። አመቺው ጊዜ የበረዶ ቅላጩ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ውኃው ጎድሎ የጠጠሩ ክምር ሲገለጥ ነው።

የወርቅ እፍጋት ከውኃ 19.3 እጥፍ፣ የተራው ኳርትዝ አሸዋ ግን 2.65 እጥፍ ብቻ ስለሆነ፣ ወርቁ ውኃው በሚዳከምበት ሁሉ ይሰምጣል። ስለዚህ የጅረቱን እጥፋት ውስጠኛ ዳር፣ የትላልቅ ድንጋዮችን ጀርባና ከሁሉም በላይ ከጠጠሩ ሥር ያለውን አለት ስንጥቅ መፈተሽ ይገባል። ብዙዎች ችላ የሚሉት በጠጠር ክምር ላይ የበቀለው የድንጋይ ሽበት (ሞስ የሚባለው ለስላሳ ዕፅ) ደቃቅ ወርቅ አጥምዶ ስለሚይዝ በወርቅ ማጠቢያው ሳህን ውስጥ እየተፈተፈተ መታጠብ አለበት። ከሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ከሆነ፣ ፀሐይ ያቀለጠችውን ንጣፍ እያነሱ ቀስ በቀስ መውረድ እንጂ መታገል አያዋጣም።

ጠጠሩ ከተነፋ በኋላ ሳህኑን ውኃ ውስጥ አጥልቆ ግራና ቀኝ በኃይል መነቅነቅ፣ ከዚያም አዘንብሎ ቀላሉን አሸዋ በዝግታ ማስወገድ ነው። የሚቀረው ጥቁር አሸዋ በአብዛኛው ማግኔታይት የተባለ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን ስለሆነ፣ ሲደርቅ በላስቲክ በተጠቀለለ ማግኔት ይነሳል።

የሳህኑን ቅሪት ማንበብ ከማጠቡ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። እውነተኛ ወርቅ በቢላዋ ጫፍ ሲጫኑት ይለጠጣል፤ ወርቅ የሚመስለው ፓይራይት የተባለ ማዕድን ግን ይፈረካከሳል። ከጥቁሩ አሸዋ ጋር የሚቀር ደማቅ ቀይ ቅንጣት ባልተቀባ ነጭ የሸክላ ንጣፍ ላይ ሲፋቅ ቀይ መስመር ከተወ ሲናባር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሌላው ቀይ ማዕድን ጋርኔት እንዲህ ያለ ቀለም አይተውም። ሲናባር በቀላሉ ስለሚሰበር፣ ቅንጣቶቹ ትላልቅና ሹል ከሆኑ ምንጩ ቅርብ ነው። ወደ ላይ እየወጡ በየርቀቱ ናሙና ማጠብና ቅንጣቶቹን መቁጠር፣ ቁጥሩ በድንገት ከጠፋበት ቦታ በታች ያለውን ገባርና ቁልቁለት መመርመር ጥሩ ዘዴ ነው። የሚንከባለሉና ሲገናኙ የሚዋሐዱ የብር ቀለም ጠብታዎች ፈሳሽ ባዜቃ ናቸው፤ ብርማ የሆነ ወርቅም ባዜቃ የለበሰው ነው።

ይህን ወርቅ ለማንጻት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ሲናባርንም ቢሆን። ባዜቃ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንም በተራ ሙቀትም ሽታ የሌለው መርዛማ ተን ያወጣል፤ በድንኳን ወይም በጎጆ ውስጥ ሲሆን አደጋው ይብሳል። ወደ ጅረቱ መመለስም አይገባም፤ በውኃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡትና በዓሣ አካል ውስጥ ይከማቻል። የወርቅ ጌጥ አውልቆ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ባዜቃውንም ሆነ ባዜቃ የነካውን ወርቅ ጥቂት ውኃ ባለበት ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ መዝጋትና ምልክት ማድረግ፣ በኋላም አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበል ተቋም ማስረከብ ነው። ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ትንሽ አውሮፕላን ሲሆን፣ ባዜቃ አሉሚኒየምን ስለሚበላ ጠርሙሱን በሻንጣ ደብቆ መሳፈር የተሳፋሪዎችን ሁሉ ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል፤ አብራሪውን አስቀድሞ ማሳወቅና ካልፈቀደ በሌላ መንገድ እንዲጓጓዝ ማድረግ ግዴታ ነው።