ለገበሬ ቤተሰብ፦ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ሴፍቲኔትና ብድር መቼና እንዴት ነው ሚጠየቀው

ይሄን ምጽፈው በዋናነት ከተማ ወይ ውጭ ሀገር ሆናችሁ እናት አባታችሁ ገጠር ለሚያርሱ ልጆች ነው፣ ስልኩም ማንበቡም ያለው እናንተ ጋ ስለሆነ። ብዙ ቤተሰብ የመንግስት ድጋፍ ሚያመልጠው ቀኑ ሲያልፍበት ነው። ቀኑ ደሞ እንደ ዩኒቨርሲቲ ምዝገባ በቲቪ አይነገርም፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ይነገራል፣ ገበያ ላይ በአፍ ይዞራል፣ የዛን ቀን ታሞ የቀረ ወይ ለቅሶ የሄደ ሰው ሳይሰማ ያልፈዋል። ትክክለኛው ቀን በየወረዳው ይለያያል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይለያይም፣ እሱን ካወቃችሁ ቀድማችሁ ደውላችሁ ማስጠየቅ ትችላላችሁ።

ሰውን ከሁሉም በላይ ሚያስጨንቀው ማዳበሪያ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ነው ሚገባው፣ ግዢውን ሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ስራዎች ኮርፖሬሽን ነው፣ ከዛ ወደ ዩኒየኖች (የህብረት ስራ ማህበራት ተሰባስበው ያቋቋሙት) ይሄዳል፣ ከዩኒየን ወደ ቀበሌው መሰረታዊ ህብረት ስራ ማህበር ይወርዳል፣ ገበሬው ሚወስደው ከማህበሩ መጋዘን ነው። ይሄ ሁሉ ጉዞ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ለመኸር ሚሆነው ማዳበሪያ "ስንት ትፈልጋለህ" ተብሎ ፍላጎት ሚሰበሰበው ዝናቡ ሊጥል ሲል ሳይሆን ገና ብዙ ወር ሲቀረው ነው፣ ያለፈው አዝመራ አጨዳ ላይ ወይ አውድማ ላይ እያለ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ግን ማዳበሪያ ትዝ ሚለው ግንቦት ላይ ነው፣ ያኔ ሊስቱ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል ሄዶ ግዢው ካለቀ ቆይቷል። ግንቦት ላይ መጥቶ "እኔም ጨምሩኝ" ሚል ሰው ሚደርሰው ከሌላው የተረፈ ካለ ብቻ ነው፣ ካልተረፈ ደሞ ነጋዴ ጋ ሄዶ በእጥፍ ዋጋ ይገዛል፣ እሱም ምን እንደተቀላቀለበት ሳያውቅ።

ስለዚህ መስከረም ከጠባ ጀምሮ ዲኤውን (የቀበሌውን የግብርና ልማት ሰራተኛ) "የግብአት ፍላጎት ምዝገባ መቼ ነው" ብላችሁ አስጠይቁ። አንድ ቀበሌ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ተብለው ሶስት ባለሙያዎች ይመደባሉ፣ እናንተ ምትፈልጉት የሰብሉን ነው። ስልኩን ያዙ፣ አክብራችሁ ደውሉ፣ እነሱም ስንት መንደር በእግር እንደሚዞሩ አስቡ።

ሲመዘገቡ ሶስት ነገር በደንብ ይነገር። መጀመሪያ የማሳው ስፋትና ሚዘራው ሰብል፣ ምክንያቱም ኮታው ሚሰላው በሱ ነው፣ ጤፍ ልዘራ ብሎ ተመዝግቦ በቆሎ ሚዘራ ሰው ይቸገራል። ሁለተኛ ሁለቱ የማዳበሪያ አይነቶች፣ ዩሪያና ኤንፒኤስ (ኤንፒኤሱን ብዙ ሰው እስካሁን ዳፕ ነው ሚለው)፣ ለየብቻ እንደሚጻፍ፣ ከረጢቱም 50 ኪሎ እንደሆነ፣ "ሁለት" ሲሉ ሁለት ኩንታል ይሁን ሁለት ከረጢት በግልጽ ይባል፣ በዚ ብቻ ግማሹ ሚጎድልበት ሰው አለ። ሶስተኛ መስኖ ካላችሁ የበጋ ስንዴ ምትዘሩ ከሆነ የመስኖው ፍላጎት ከመኸሩ ተለይቶ ይመዝገብ።

እዚህ ላይ የሰው መሬት በእኩል ወይ በሲሶ ሚያርሱ ሰዎችን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ባለመሬቷ አሮጊት ናቸው እንበል፣ የመሬት ደብተሩ በሳቸው ስም ነው፣ አራሹ ጎረቤት ነው። ማነው ሚመዘገበው? ሁለቱም "ያኛው ተመዝግቧል" ብለው ይቀመጡና ማሳው ያለ ማዳበሪያ ይቀራል። ገና ሲስማሙ በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ ብሩን ማን እንደሚከፍል ተነጋግረው፣ ውሉን ጽፈው የቀበሌው መሬት አስተዳደር ጋ ቢያስይዙት ለሁለቱም ይጠቅማል።

ምዝገባው ካለቀ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ኮታ ሲወርድ ሊስት ይወጣል፣ ስማቸው መኖሩንና መጠኑን አይተው ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከየካቲት በኋላ ማዳበሪያው ወደ ታች ሲወርድ ነው ሚመጣው፣ ቀኑም አጭር ነው። ደረሰኝ ሳይቀበሉ ብር እንዳይሰጡ፣ ለማንም፣ ዘመድም ቢሆን። ደረሰኙን ከመሬት ደብተሩ ጋር በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጡት። ሲረከቡ ደሞ የከረጢቱ ስፌት ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ እንዳይሆን፣ ክብደቱም እንዳይጎድል እዛው ማህበሩ ሚዛን ላይ ይመዘን፣ ቤት ከገባ በኋላ ሚቀርብ ቅሬታ ሰሚ የለውም።

አፈሩ አሲዳማ የሆነበት አካባቢ ያላችሁ፣ ጎጃምና አዊ አካባቢ ብዙ አለ፣ ማዳበሪያ ብቻ ሲጨመር ምርቱ ለምን እንደማይጨምር ግራ ሚገባቸው አሉ። እዛ ሚያስፈልገው ኖራ ነው። ኖራ ግን ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት፣ ስለዚህ ጥያቄውም መጓጓዣውም በበጋ ነው ማለቅ ያለበት። መጠኑ በአፈር ምርመራ ነው ሚታወቀው፣ ናሙና እንዲወሰድላቸው ዲኤውን ይጠይቁ።

ምርጥ ዘርም በተመሳሳይ መንገድ ነው። የበቆሎ ዘር በ12.5 ኪሎ ታሽጎ ይመጣል፣ ለግማሽ ሄክታር ነው። ዝርያው ቢኤች 661 ይሁን ሊሙ ወይ ሾኔ፣ የከፍታውና የዝናቡ ነገር ስለሚወስነው ጎረቤት ስለዘራ ብቻ አይመረጥ። ድቅል በቆሎ ካመረቱት ላይ ቆጥቦ ለከርሞ መዝራት ምርት ይቀንሳል፣ በየአመቱ መገዛት አለበት፣ ስለዚህ በየአመቱ መመዝገብም አለባቸው።

ወደ ሴፍቲኔት (ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ በስራ ወይ በቀጥታ ሚሰጥ ድጋፍ) ልምጣ፣ ምክንያቱም ሚጎዱት በጣም አቅም የሌላቸው ናቸው። ፕሮግራሙ ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው፣ የምግብ እጥረት ባለባቸው በተመረጡ ወረዳዎች ብቻ ነው ሚሰራው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወረዳችሁ ውስጡ አለ ወይ ብላችሁ አረጋግጡ። እንደ ብድር ፎርም ሞልቶ ሚያመለክቱበት አይደለም፣ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ማን የባሰ ችግር እንዳለበት ይለያል፣ የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ሀይል ያየዋል፣ ሊስቱ ለህዝብ ይነበባል። መስራት ሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ እርከን፣ መንገድ፣ ኩሬ ምናምን ይሰራል፣ ለዛም አብዛኛውን ጊዜ ከጥር ጀምሮ ለስድስት ወር ይከፈለዋል። ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች፣ መስራት ማይችሉ ህመምተኞችና አካል ጉዳተኞች ሳይሰሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ስራው ነጻ ናቸው፣ ክፍያቸው ግን አይቋረጥም፣ ይሄን ሳታውቅ ሆዷ ገፍቶ ድንጋይ ምትሸከም እህት ካለች ለጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ትንገር።

ስራው ጥር ላይ ሚጀምር ከሆነ ሊስቱ ሚታየው ከዛ በፊት ባሉት ወራት ነው። አያታችሁ ስብሰባ መሄድ ካልቻሉ ሰው ይወከልላቸው፣ ያልተገኘ ሰው ይረሳል። ስማቸው ካልተካተተ ደሞ ዝም ብሎ ማልቀስ የለም፣ ቀበሌው ላይ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ቅሬታውን በጽሁፍ አድርጉት፣ አጭር ይሁን፦ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ መሬት ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ ከብት አለ የለም፣ በአመት ስንት ወር እህል እንደሚያልቅባቸው፣ ባለፈው አመት ምን እንደደረሰባቸው። ቀን ይጻፍበት፣ ኮፒ ይቅር። ቀበሌው ካልመለሰ ወደ ወረዳ ይኬዳል። ለመመዝገብ ሚከፈል ምንም ብር የለም፣ ሚጠይቅ ካለ ስሙን ይዛችሁ ወረዳ ንገሩ።

ስለ ብድር ባጭሩ። የገጠር ብድር ላይ ቆይተው አሁን ባንክ የሆኑት ጸደይ፣ ሲንቄና ኦሞ ባንክ የእርሻ ብድር ይሰጣሉ፣ ብዙ ጊዜ በቡድን ዋስትና ነው። ዋስትና ማለት ቤት ብቻ ሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ በአዋጅ 1147/2011 ግን ከብትም ሰብልም መሳሪያም ማስያዝ ይቻላል፣ የገጠር መሬት የመጠቀም መብትን ማስያዝ ደሞ በአዋጅ 1324/2016 ተፈቅዷል። መሬቱን ከማስያዛችሁ በፊት ግን ባልም ሚስትም ቁጭ ብለው ይመካከሩ፣ ዝናብ ቢጠፋስ የሚለውን አስቀድመው ያስቡት።

ወረቀቱ ለሁሉም አንድ አይነት ነው ማለት ይቻላል፦ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ (ብሄራዊ መታወቂያ)፣ ፎቶ። ፋይዳ ምዝገባው ነጻ ነው፣ ሳይቸኩሉ በበጋ ይጨርሱት። መሬቱ እስካሁን በሟች አባት ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ስም ማዛወር ጊዜ ይወስዳል፣ ከጥቅምት ጀምሩት። ስለ አዘራርና ስለ ሰብል በሽታ ጥያቄ ካላቸው 8028 ላይ በነጻ ደውለው በአማርኛ መስማት ይችላሉ፣ በኦሮምኛና በትግርኛም አለ።

አረብ ሀገር ሆናችሁ የማዳበሪያ ብር ምትልኩ እህቶቻችን ደሞ ደሞዝ እስኪደርስ ብላችሁ ሰኔን አትጠብቁ። ክፍያው መቼ እንደሚከፈት ጥር ላይ አስጠይቁና ከየካቲት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እየላካችሁ በእናታችሁ ስም ባንክ ይቀመጥ፣ ሊስቱ ሲወጣ ብሩ እጃቸው ላይ ይሁን።