ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል፣ የሚከፍል ግን የለም፦ ለትንሽ ሶፍትዌር የመጀመሪያው ከፋይ ሲጠፋ የሚፈተሹ ነገሮች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሶፍትዌሩን ሠርቶ ለጨረሰ፣ ካሳያቸው ሰዎች ሁሉ አድናቆት ላገኘ፣ ነገር ግን እስካሁን ከማንም አንድ ብር ላልተቀበለ ባለሙያ ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ከራሴ ሥራ ነው፤ ለሱቆች የዱቤና የዕቃ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ይዤ በፒያሳ፣ በሶማሌ ተራና በመርካቶ ስዞር ከገጠመኝ። ምርቱ ለክሊኒክ ወይም ለትምህርት ቤት የተሠራ ቢሆንም ችግሮቹ ብዙም አይለያዩም።

ሽያጭ ያቃተው ሰው በቅድሚያ የሚነካካው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ወይ በፕሮግራሙ ላይ አዲስ ነገር ይጨምራል። ሁለቱም ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩ ስለሆኑ ይቀላሉ፤ በእኔ ግምት ግን ጉድለቱ እዚያ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ምርመራውን ከሰውየው ጀምሮ ወደ አጠቃቀሙ፣ ከዚያም ወደ ክፍያው መንገድ ማድረስና ዋጋን ወደ መጨረሻ ማቆየት ይሻላል።

ምልክት፦ «እሺ፣ ነገ ና» ወር ሙሉ ይደጋገማል

የመጀመሪያው መንስኤ የሚያነጋግሩት ሰው የገንዘቡ ባለቤት አለመሆኑ ነው። ባንኮኒው ላይ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ዘመድ ወይም ተቀጣሪ ነው፤ በትሕትና ያዳምጣል፣ ሻይም ይጋብዛል፣ ለመግዛት ግን ሥልጣን የለውም። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። የዕቃ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ማታ ማታ የሚጎድለውን ዕቃ በግልጽ ስለሚያሳይ፣ ሸቀጡ በእጁ የሚያልፈው ሰው ፕሮግራሙ እንዳይገባ የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ሐቀኛው ሠራተኛ እንኳ «ተጠርጥሬ ይሆን?» ብሎ ቅር ይለዋል። እኔ አንድ ሱቅ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ስመላለስ የቆየሁት፣ ስለ እኔ ለባለቤቱ አንድም ቀን ካልነገረ ልጅ ጋር ነበር። ልጁንም አልወቅሰውም፤ ያመጣሁለት እሱኑ የሚቆጣጠር ነገር ነበር።

መፍትሔው ስለ ፕሮግራሙ አንድ ቃል ከመናገር በፊት «የቀኑን ሒሳብ ማታ የሚረከበው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅና ያ ሰው በሚገኝበት ሰዓት መመለስ ነው። ባለቤቱ ሒሳብ የሚቀበለው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የተደረገ ማብራሪያ በከንቱ ይቀራል። ሠራተኛውን ደግሞ ገሸሽ ማድረግ አይገባም። ከዱቤ ደብተሩ ጋር በየማታው መታገል እንደሚቀርለትና ባልሠራው ጉድለት እንደማይጠየቅ ቀድሞ ከተረዳ፣ ባለቤቱ ፊት የሚቃወም ሳይሆን የሚመሰክር ይሆናል።

ሁለተኛው መንስኤ «እሺ» የሚለውን ቃል እንደ ውል መቁጠር ነው። በእኛ ዘንድ ደክሞ የመጣን ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ነውር ስለሚመስል፣ «እሺ» እና «ጥሩ ነገር ነው» የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ ከአክብሮት በላይ ትርጉም የላቸውም። ይህንን ለመለየት ቀብድ የተሻለ መሣሪያ ነው። ነጋዴው ቀብድ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሲገዛም ሲሸጥም ሲቀበልና ሲሰጥ ኖሯል። «ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ ቀብድ ይስጡኝና እሑድ ዕቃውን እኔ ራሴ ቆጥሬ ላስገባልዎት» ሲባል ኪሱን የሚዳብስ ሰው ገዢ ነው፤ «መጀመሪያ እንየው እስቲ» የሚለው ሰው ደግሞ ምናልባት ከስድስት ወር በኋላ ገዢ ይሆናል። የቀብዱ መጠን ትልቅ መሆን የለበትም፤ ከእጅ መውጣቱ ግን የግድ ነው።

ምልክት፦ በነጻ ሙከራው ደስ ብሏቸው ጀምረው በሁለት ሳምንት ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ

እዚህ ላይ ተወዳዳሪዎ ሌላ ሶፍትዌር ሳይሆን ያ ጠርዙ የተበላ ደብተር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ደብተሩ መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፣ ኔትወርክ አይጠይቅም፣ የይለፍ ቃልም የለውም። ፕሮግራሙ ከመስመር ውጪ (ያለ ኢንተርኔት) ካልሠራ ሌላ መንስኤ መፈለግ አያስፈልግም፤ እሱን አስተካክሎ መመለስ ነው።

ከመስመር ውጪም የሚሠራ ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚፈተሸው የመጀመሪያውን ዕቃ ማን እንዳስገባው ነው። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ በሺህ የሚቆጠር ዓይነት ዕቃ ሊኖረው ይችላል፤ ባለሱቁ ይህን ሁሉ ደንበኛ እያስተናገደ ራሱ እንዲጽፍ መጠበቅ፣ ሳይገዛ ሥራ መስጠት ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሱቆች ዕቃ እርስዎ ቆጥረው ያስገቡ። ይህ ለሶፍትዌር ባለሙያ የማይመጥን ሥራ መስሎ ከታየዎት፣ ስትራይፕ የተባለውን የክፍያ ኩባንያ የመሠረቱት የኮሊሰን ወንድማማቾች በጅምራቸው «እሺ፣ እንሞክረዋለን» ያላቸውን ሰው ማስፈንጠሪያ ልከውለት ከመጠበቅ ይልቅ፣ እዚያው ላፕቶፑን ተቀብለው በገዛ እጃቸው ይጭኑለት እንደነበር ማወቁ ይጠቅማል። (ስትራይፕ ራሱ እዚህ ላለ ድርጅት አካውንት አይከፍትም፤ ዘዴያቸው ግን ፈቃድ አይጠይቅም።)

ሦስተኛው መንስኤ የቀን አቆጣጠር ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይፈቀድልኝ፣ ምክንያቱም ከውጭ የተወሰደ የፕሮግራም አካል የሚጠቀም ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ነሐሴ 20 ቀን «በወሩ እከፍላለሁ» ብሎ ዱቤ የወሰደ ደንበኛ ሊከፍል ያሰበው መስከረም 20 ቀን ነው፤ ይህም ጳጉሜን ስለሚጨምር 35፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ 36 ቀን ይሆናል። ሠላሳ ቀን ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም ገና በመስከረም አጋማሽ «ጊዜው አልፏል» የሚል ማስታወሻ ለደንበኛው ይልካል፤ ባለሱቁም ከቆየ ደንበኛው ጋር ይቀያየማል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተሸጠ ዕቃ በመዝገቡ «9፡00» ሆኖ ከታየ ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተሸጠ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር በኋላ የሚጨመር ጌጥ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን መኖር ያለበት ነገር ነው።

ምልክት፦ ሁሉ ነገር ተስማምቶ «ይሄ ነገር ከግብር ጋር ይገናኛል?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ ዝምታ ይወርዳል

መንስኤው ፍርሃት ነው፤ መፍትሔውም ማድበስበስ አይደለም። ለግብር የሚቆረጠው ደረሰኝ የሚወጣው የግብር መሥሪያ ቤቱ በፈቀደው መንገድ ስለሆነ፣ የእርስዎ ፕሮግራም እሱን እንደማይተካ በግልጽ ይናገሩ። ፕሮግራሙ የሚያትመው ወረቀት ካለም በላዩ «ደረሰኝ አይደለም» ተብሎ በጉልህ ይጻፍበት። መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችልና ባለቤቱ ሲፈልግ እንዴት ይዞት እንደሚወጣ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ መስጠት ከብዙ መሐላ ይሻላል። «ከግብር ይሰውርልኛል» ብሎ የሚገዛ ደንበኛ ቢመጣ ግን አይቀበሉት፤ የመጀመሪያ ደንበኛዎ ስምዎን ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነው።

ምልክት፦ ለመክፈል ተስማምተዋል፣ ገንዘቡ ግን አይመጣም

ለግለሰብ ነጋዴ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። በየወሩ ከካርድ ራሱ የሚቆርጥ አሠራር እዚህ የተለመደ ስላልሆነ፣ «በየወሩ ይክፈሉ» ማለት በየወሩ እንደ አዲስ መሸጥ ይሆናል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለና የባንክ ዝውውርም ከስልክ ስለሚፈጸም፣ ባለሱቁ ፊት ቆመው የዓመቱን ወይም የስድስት ወሩን ክፍያ በአንድ ጊዜ መቀበል ይችላሉ። የዝውውሩን ማረጋገጫ ስክሪንሾት ብቻ አይተው አይመለሱ፤ በራስዎ አካውንት መግባቱን ያረጋግጡ።

ለመሥሪያ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢወድልዎትም የግዥ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ)፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ሲከፍልም ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ተይዞ የሚቀር ግብር) ቀንሶ ነው። ዋጋዎ ተጨማሪ እሴት ታክስን መጨመር አለመጨመሩን በፕሮፎርማው ላይ ካልጻፉ፣ 15 በመቶው በኋላ የጭቅጭቅ ምንጭ ይሆናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነውና፣ ጥር ላይ «በጀት አልያዝንም» የሚል መልስ ሰበብ ላይሆን ይችላል። ለመጀመሪያ ደንበኛ ፕሮፎርማ የሚጠይቅ ቤት ባይመርጡ እመክራለሁ።

ምልክት፦ «ውድ ነው»

ይህንን ቃል ከቀብድ በፊት ከሰሙት ችላ ይበሉት፤ በመርካቶ ሰላምታ ነው። ከቀብድ በኋላ ከሰሙት ግን ይመርምሩት። ነጻ መስጠት ግን መፍትሔ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ሱቅ «ለምስክር ይሆነኛል» ብዬ በነጻ ሰጠሁ፤ ምስክርነቱም ሠራ፣ ምክንያቱም ጎረቤቶቹ ሁሉ መጥተው በነጻ ጠየቁኝ። አንድ ተራ ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች እቁባቸው አንድ ነውና የአንዱ ዋጋ እስከ ማታ የሁሉም ዋጋ ይሆናል።

ዋጋን ከመጠን በላይ ማውረድም ሌላ አደጋ አለው። ሰርቨር የሚከራዩት በዶላር ከሆነ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ማለፉን ያስታውሱ፤ የዓመት ውል ሲዋዋሉ ለዚህ የሚሆን ቦታ ይተዉ።

ምልክት፦ አንድ ከፋይ ተገኘ፣ ሁለተኛው ግን አልተከተለም

መንስኤው መበታተን ነው፤ አንዱ ሜክሲኮ፣ አንዱ ፒያሳ፣ አንዱ ሶማሌ ተራ ከሆነ ማንም ማንን አያየውም። የዚህ ከተማ ንግድ በተራ የተደራጀ መሆኑ ለእርስዎ ትልቅ ዕድል ነው፤ መለዋወጫው ከመለዋወጫው፣ ወርቅ ቤቱ ከወርቅ ቤቱ አጠገብ ነው። የከፈለው ሰው ያለበትን ተራ ሳይጨርሱ ወደ ሌላ አይሻገሩ። ፒያሳ አካባቢ ግን ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ፤ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሱቆች ቦታ ስለለወጡ የድሮ የአድራሻ ዝርዝር ያደክማል።

በአንድ ተራ ሃያ ባለቤቶችን፣ ሠራተኞችን ሳይሆን ባለቤቶችን፣ ቀብድ ጠይቀው አንድም ካልሰጠዎት ጥፋቱ ከምርቱ ነው ብለው ይያዙት። ያን ጊዜ ላፕቶፑን ዘግተው ደብተራቸውን እንዲያሳዩዎት ይለምኑ፤ ብዙ የተሰረዘበትና የተደለዘበት ገጽ የትኛው እንደሆነ አይተው ፕሮግራሙን ለዚያ ገጽ ብቻ እንደገና ይሥሩት።